እንቁላሉ ወዴት ሄደ?

(ለወላጆችና ለመምህራን በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «የቤተሰብ ገቢና የፕሮቲን ምግብ» ይላል። እኔ ግን ከአንድ ቅርጫት ልጀምር።

ገና ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርን ሕፃናትን እንለካ ነበር። አንድ ቤት ገባን። እናትየው ቡና ልታፈላ ብድግ አለች። «እንቸኩላለን፣ ተይው» ብንላትም አልሰማችንም። ልጇ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቁመቱ ግን የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ያህል ነው። የክንዱን ዙሪያ ለካነው። ከ12 ሴንቲሜትር ትንሽ ያልፋል። መለኪያው ቢጫው ላይ ቆመ። ቢጫ ማለት ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲሜትር ያለው ነው። ከዚያ በታች ቀይ ነው፤ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ከጀርባዋ፣ ምሰሶው ሥር፣ ጭድ የሞላበት ቅርጫት ነበር። በጭዱ መሃል እንቁላል ተደርድሯል። ቆጠርኩት፤ 11 ነው።

እኔም የተማርኩትን ተናገርኩ። «እህቴ፣ ለልጁ በቀን አንድ እንቁላል ብትሰጪው እኮ ይበረታ ነበር» አልኳት። ከልቧ አዳመጠችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እታለም፣ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን እንቁላሉን እሱ ከበላው የታላቁን ደብተር በምን ልግዛ? ጨውስ? ሳሙናውስ?»

ማግስቱ እንደ ዛሬው ቅዳሜ ነበር። የገበያ ቀን።

መልስ አልነበረኝም። ቡናዋን ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየደረስኩበት ይህንኑ ነገር አየሁት። በድሃ ቤት ፕሮቲን ብዙ ጊዜ አለ። እንቁላሉ አለ፣ ቅቤው አለ፣ ምስሩ ጎተራ ውስጥ አለ። ቤቱ ግን የሚያውቃቸው በገንዘብነታቸው ነው። የቤቱ ባንክ እነሱ ናቸው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ቅርጫት ብዙ አይርቅም።

ስለ ፕሮቲን ራሱ ብዙ አልቆይም። ሰውነት ራሱን የሚሠራበት ነው። ጡንቻው፣ ደሙ፣ ቆዳው፣ በሽታ የሚመክትበት አቅም ያለ እሱ አይሆንም። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን 13 ግራም ገደማ ይበቃዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 7 ወይም 8። ሁለቱ ከተገኙ የትንሽ ልጅ የቀን ድርሻ ሞላ ማለት ነው። መቶ ግራም የሽሮ ዱቄት ደግሞ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። በክብደት ከጥሬ ሥጋ አያንስም። ስለዚህ «ሥጋ ካልገዛን ልጃችን ተጎዳ» ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ቢያንስ በዚህ ልባችሁ ይረፍ።

ሁሉም ፕሮቲን ግን እኩል አይደለም። ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች ነው የሚሠራው። ከእነሱ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት አይችልም፤ በምግብ መምጣት አለባቸው። በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ጤፍ በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላል፤ ብቻውን ግን ለሕፃን አይበቃም። ላይሲን የሞላው ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ውስጥ ነው። ጥራጥሬ ደግሞ የሚያንሰው ሌላ አለ፤ እሱን እህሉ ይሞላለታል። እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍኑ ጥሩ ጥንዶች ናቸው።

ሽሮ ስል ግን የትኛውን ሽሮ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ኪስ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚሳሳው ወጡ ነው። ደመወዝ በገባ ሳምንት አራት ማንኪያ ሙሉ የምትጨምር እናት፣ ወሩ ሲያልቅ ሁለት ትጨምራለች። ውኃው ያው ነው። በርበሬው ቀለሙን ይይዝለታል። ሽታው ያው፣ ድስቱ ያው። መጠይቅ ይዞ የመጣ ሰው «ትናንት ምን በላችሁ?» ቢላት «እንጀራ በሽሮ» ትላለች። ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ሳምንት መልስ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ሰውነት ውስጥ የገባው ግን ግማሽ ነው። በርበሬው በዛ ሲል ደግሞ ለትንሹ ልጅ እንጀራው ጫፉ ብቻ ተነክሮ ይሰጠዋል። ያኔ ግማሹም ይቀራል።

ከእንሰት በሚሠራው ቆጮ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። እንሰት ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚመግብ፣ ድርቅ የሚችል ተክል ነው። ቆጮ ግን ፕሮቲኑ እጅግ ትንሽ ነው። ቆጮን ምግብ የሚያደርገው ከጎኑ የሚቀርበው ነው። አንዱ ቤት አይብና ባቄላ ይቀርባል። ሌላው ቤት ጎመን ብቻ ይቀርባል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ቆጮ በሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ። ኧርነስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ በ1857 የቤልጅግ ሠራተኞችን የቤት ወጪ አጥንቶ አንድ ነገር አገኘ። ገቢ ባነሰ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይበዛል። ሜሪል ቤኔት የተባለ አሜሪካዊ በ1941 አንድ እርምጃ ጨመረበት። ገቢ ሲያድግ ሰው ከእህልና ከሥራሥር የሚያገኘው የኃይል ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በምትኩ ወተቱ፣ ሥጋው፣ ፍራፍሬው ይመጣል። ይህን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የቤት ወጪ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ሆድ መሙላት አለበት። መቶ ብር ያላት እናት አምስት ሰው ጠግቦ የሚያድርበትን ትገዛለች። እሱም እህል ነው። ለአንድ ብር ብዙ ኃይል የሚሰጠው እሱ ስለሆነ። ስሌቷ ልክ ነው። አላዋቂ የሚላት ሰው ራሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ሌላ አይገዛም።

ይህ ስሌት እስከ የት እንደሚሄድ አርብቶ አደሩ ዘንድ ይታያል። አርብቶ አደር ፍየሉን ሸጦ በቆሎ ይገዛል። ወተትና ሥጋ ያለው ሰው ለምን እህል ይገዛል? የአንድ ፍየል ዋጋ፣ የፍየሏ ሥጋ ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ ኃይል ያለው እህል ስለሚያመጣለት ነው። በደህና ዓመት ይህ ብልሃት ነው። በድርቅ ግን ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም አንድ ላይ ለሽያጭ ያወጣል፣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይቆማል ወይ ይወጣል። ያ ሰው ከብቱንም አጣ፣ እህሉንም አላገኘ። በ1973 በወሎ ረሃብ የአፋር አርብቶ አደሮችን የጎዳቸው አንዱ ይህ ነው። አማርትያ ሰን የተባለው ህንዳዊ የኢኮኖሚ ምሁር ያንን ረሃብ ሲመረምር፣ ሕዝብ እያለቀ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበር ጽፏል። እህል ነበረ። የወሎ ሰው ግን መግዣ አልነበረውም። እኔ ይህን ሳነብ ያ የጭድ ቅርጫት ነው የታወሰኝ። ነገሩ አንድ ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ከተማ እንመለስ። እዚሁ አዲስ አበባ። ድሃ ሰው በርካሽ የሚኖር ይመስለናል። አይደለም። ያለው ሰው ዘይቱን በአምስት ሊትር ከሸማቾች ማኅበር ይገዛል። የቀን ሠራተኛው በትንሽ ፕላስቲክ የታሰረችውን ከጉልት ይገዛል። ምስሩን በጣሳ፣ ሽሮውን በትንንሽ ላስቲክ። ተደምሮ ሲታይ ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው ይበልጣል። ግን ለአንድ ኪሎ የሚሆን ብር አንድ ቀን እንኳ ባንዴ እጁ ላይ አይገባም። ፍሪጅ የለውም፤ ስለዚህ ወተትም ሥጋም ለነገ አይተርፍለትም።

ከሰልስ? ስለ ምግብ ስናወራ ከሰልን እንረሳለን። ሽምብራ ወይም ባቄላ በሙሉው ለመቀቀል ሰዓታት ይፈጃል። ጥራጥሬው ቢረክስ እንኳ የከሰሉ ዋጋ አብሮ ድስት ውስጥ ይገባል። «ጥራጥሬ ብሉ፣ ርካሽ ነው» ብለን የምናስተምር ሰዎች ከሰል አንገዛላቸውም። እናትየው ግን ታሰላዋለች። ሽሮ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቶሎ ይበስላል። ለእናንተም ለቤታችሁ ምክር ይሁን፦ ማታ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ጠዋት በጣም ባነሰ እሳት ይበስላል።

እስቲ ጥቂት ቁጥር። በአገራችን በየተወሰነ ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይካሄዳል። በ2000 የተካሄደው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 ከመቶው መቀንጨራቸውን አሳየ። በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 ወረደ። ብዙ ተሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ከሦስት ልጅ አንዱ አሁንም ለዕድሜው አጭር ነው። በ2016ቱ ጥናት በጣም ድሃ ከሆኑት ቤቶች 45 ከመቶ ሕፃናት ቀንጭረዋል። በጣም ሀብታም ከሚባሉት ቤቶችስ? ከሩብ በላይ።

ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ደጋግማችሁ እዩልኝ። ገቢ ብቻውን መልስ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቤት መቀንጨር ባልተገኘ ነበር። ሌላም አለ። በዚያው ጥናት ከፍተኛው መቀንጨር የታየው አማራ ክልል ነው፤ 46 ከመቶ። ጤፍና ስንዴ ለአገር የሚልከው ጎጃም እዚያው ክልል ውስጥ ነው። ጎተራ ሙሉ፣ ልጅ አጭር። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የአገራችን ሕፃናት ደግሞ በቂና የተለያየ ምግብ በበቂ ጊዜ የሚያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ከገንዘቡ ሌላ ምን አለ? ውኃው አለ። ልጁ ተቅማጥ በያዘው ቁጥር የበላው አይቆይለትም፤ ሰውነቱም ያጠራቀመውን በሽታውን ሲዋጋ ይጨርሰዋል። መጸዳጃ በሌለበት መንደር ሆድ ሁሌም የቆሰለ ያህል ነው። የእናት ጊዜ አለ። እናቱ እንጨት ለቀማና እርሻ ስትውል ሕፃኑን የሰባት ዓመት እህቱ ናት የምታበላው። የእናትየዋ ሰውነትም አለ። በ2016 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቻችን 22 ከመቶው ከሚገባው በላይ ከስተው ነበር። እሷ ከሁሉም በኋላ ነው የምትበላው። መጀመሪያ አባትና እንግዳ፣ ከዚያ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ እሷ። ያጎደለችው የልጇ የመጀመሪያ ጉድለት ይሆናል፤ ገና ሳይወለድ።

ጾሙም አለ። ስለ ጾም የምናገረው በአክብሮት ነው፤ እኔም እጾማለሁ። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ጾም የለበትም። ቤተ ክርስቲያን አታስገድደውም። ችግሩ ድስቱ ነው። እናት «ወተቱን ባፈላበት የጾሙ ዕቃ ይነካብኛል» ብላ ትተወዋለች። አንዲት የተለየች ትንሽ ድስት ለሕፃኑ ብትኖር ነገሩ ያበቃል። ይህን አንድ የገጠር ቄስ ለምእመናኑ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። እኔ ዓመት ሙሉ ከምለፈልፈው የእሳቸው አሥር ደቂቃ በልጧል።

አሁን ወደ ጓያ ልምጣ። ይህን ታሪክ ሳልናገር ብወርድ ራሴን ይከፋኛል።

ጓያ ጥራጥሬ ነው። ፕሮቲኑ ከሽምብራ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ድርቅ ይችላል፣ ውኃ የቋጠረ ጥቁር መሬትም ይችላል። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቆማል። ዋጋውም ርካሽ ነው። ለድሃ የተፈጠረ ይመስላል። ግን ውስጡ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግር ይይዛል። ጉልበት ይገተራል፣ ተረከዝ መሬት መርገጥ ያቅተዋል። የያዘው አይለቅም። አንዱ በምርኩዝ ይሄዳል፣ የባሰበት ይድሃል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ አጥንተውታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከድርቅ በኋላ በወሎ ደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው ያዘ። የበዙት ወንዶች ልጆችና ወጣቶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ያገኘው ነገር ነው ከዛሬው ርዕሳችን ጋር የሚገናኘው። ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ቀንሷል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሽንኩርት የገባበት ወጥ አድርጎ የበላም እንዲሁ። ንፍሮ ወይም ቆሎ አድርጎ፣ ወይም እሸቱን ብቻውን የበላው ግን ተጎዳ። አስቡት። አንድ መንደር ነው። ያው ጓያ፣ ያው ድርቅ። ጎተራው ጥግ ላይ ትንሽ ስንዴ የተረፈችው ቤት ልጅ ይሮጣል። ምንም ያልተረፈው ቤት ልጅ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ቀረ። በሁለቱ ልጆች መሃል ያለው ልዩነት ምናልባት ሁለት ቁና እህል ነው። ድህነት ምግብን ወደ በሽታ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ የከፋ ምሳሌ አላውቅም። እነዚያን ሰዎች አይቻቸዋለሁ። አሁን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ጓያ የበሉት ስለማያውቁ አልነበረም። «ጓያ እንደሚሰብር ከእናቴ ጡት ጋር ነው የሰማሁት፤ ግን ሌላ አልነበረም» አሉኝ አንዱ።

ዓለምም በዚህ ጉዳይ ላይ ተሳስቶ ታርሟል፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲሲሊ ዊልያምስ የምትባል ሐኪም በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ስትሠራ፣ ፊታቸውና እግራቸው የሚያብጥ፣ ፀጉራቸው የሚሳሳ ሕፃናትን አየች። የአገሩ ሰዎች በሽታውን ክዋሺዮርኮር ይሉታል። ታናሽ ሲወለድበት ከጡት የሚገፋው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ምርመራ ነው። ከዚያ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ዓለም በሙሉ «የድሃ አገር ችግር የፕሮቲን እጥረት ነው» አለ። የዱቄት ምግቦች በየአገሩ ተሠሩ። እኛም ዘንድ በስዊድን ድጋፍ ፋፋ ተሠራ፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ተቀላቅሎ። ብዙዎቻችሁ የፋፋ ልጆች ናችሁ፤ እኔም ነኝ። ጥሩ ምግብ ነው። በ1970ዎቹ ግን ሌሎች ሐኪሞች ተነሥተው «ቆይ፣ ልጁ መጀመሪያ ነገር አልጠገበም» አሉ። ሰውነት ኃይል ሲያጣ ፕሮቲኑን ራሱን እንደ ማገዶ ያነደዋል። ቤት ሊሠራበት የመጣውን ጣውላ ለእሳት እንደመማገድ ነው። ስለዚህ ላልጠገበ ልጅ እንቁላል ብቻ ብትሰጡት እንቁላሉ ይነዳል። ለጠገበ ልጅ ደግሞ እህል ብቻ ብትሰጡት ሆዱ ሞልቶ አያድግም። ሁለቱም አብረው መምጣት አለባቸው። ለሁለቱም ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። በደቡብ፣ ሃላባ፣ አንድ ልቤን የገዛው ሥራ ተሠርቷል። ተመራማሪዎቹ ለእናቶች «እንቁላል አብሉ» ብለው አልሄዱም። ሁለት ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮ ለየሕፃኑ ሰጡ። ለቤቱ አልሰጡም፤ ለሕፃኑ ነው። የሰጡትም በአደባባይ ነው፤ የሃይማኖት አባቶችና የአካባቢው ሽማግሌዎች ባሉበት። ዶሮዎቹ የልጁ ንብረት መሆናቸው ተነገረ። ወላጆቹ እንቁላሉን ለልጁ እንደሚያበሉ ቃል ገቡ። ዶሮ ብትሞት ሊተኩም ቃል ገቡ። ከወራት በኋላ ልጆቹ እንቁላል እየበሉ ተገኙ፤ መቀንጨሩም የደም ማነሱም ቀነሰ።

ብልሃቱ የት እንዳለ አያችሁ? እንቁላሉ ከቤቱ ባንክ ወጣ። የልጅን ንብረት ገበያ አውጥቶ መሸጥ ያሳፍራል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፣ ቄሱም ሼኩም ያውቃሉ። ደብተሩ በሌላ እንቁላል ይገዛል። የልጁ ግን የልጁ ነው።

ወተትም ያንኑ ይመሰክራል። በገጠር በተሠሩ ጥናቶች ላም ያለው ቤት ልጅ የበለጠ ወተት ይጠጣል፣ መቀንጨሩም ያንሳል። ወተት እንደ እንቁላል አይጓዝም። ገበያው ሩቅ ከሆነ ይበላሻል። ስለዚህ እቤት ይጠጣል። ይህ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም መንገድ ሲሠራ፣ ወተት ሰብሳቢ ደጃፍ ሲደርስ፣ የቤቱ ገቢ ከፍ ይላል፣ የልጁ ብርጭቆ ግን ሊጎድል ይችላል። መንገዱ ይቅር አልልም። ያ የወተት ብር ተመልሶ ወደ ልጁ አፍ መግባቱን የሚያይ ሰው ይኑር ነው የምለው። ብሩ እናትየው እጅ ሲገባ የመመለስ ዕድሉ ይበልጣል። ይህን በየቤቱ አይቻለሁ።

መንግሥትን ስለሚመለከተው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ሴፍቲኔት ከ2005 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ ደግፏል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ጥሬ ብር የሚሰጥበት ቦታ፣ ዋጋ ሲንር ብሩ ባለበት ከቆመ፣ ያው ብር በየወሩ ያነሰ ምስር ይገዛል። ክፍያው ከገበያው ጋር አብሮ መነሣት አለበት። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ምገባ ነው። መምህራን፣ በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ ጠግቦ የሚማር ልጅና ተርቦ የሚማር ልጅ አንድ አይደሉም። ነገር ግን መቀንጨር የሚሠራው ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እናንተ ዘንድ ሲመጣ ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ቁመቱም፣ ከአእምሮው ዕድገትም ብዙው፣ ከዚያ በፊት ተወስኗል። ዕድሜያቸው ለሥራ ከደረሰው ኢትዮጵያውያን 67 ከመቶው በልጅነታቸው የቀነጨሩ መሆናቸውን በ2013 የወጣ ጥናት ገምቷል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ነን። በእያንዳንዱ ቀበሌ ለነፍሰ ጡሯና ለሁለት ዓመቱ ልጅ አንድ ነገር ቢኖር፣ እንቁላል ይሁን ወተት፣ በስማቸው የተመዘገበ፣ የማይሸጥ፣ እላለሁ። እንደ ሃላባ ዶሮዎች።

ከንግግሩ በኋላ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ገብቶኛል። እኔ ደመወዜ ይታወቃል። ከአራት ልጆች ትንሿ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?» አሉ።

«አባባ፣ ለአራቱም እንቁላል ይግዙ አልልዎትም» አልኳቸው። «ለትንሿ ብቻ፣ በሳምንት ሦስት። ታላላቆቿ እንዳይከፋቸው ምክንያቱን ይንገሯቸው፤ ልጆች ይገባቸዋል። ገንፎዋ ከእህል ብቻ አይሁን። ሦስት እጅ እህል ከሆነ አንድ እጅ የተቆላ ሽምብራ ወይም ባቄላ ይፈጭበት፤ ወፍጮ ቤት አንድ ላይ ያስፈጩት። ትንሽ ዘይት ጠብ ይበልበት። ሽሮው ሲሠራ፣ በርበሬ ሳይገባ፣ ከወፍራሙ ለእሷ ይቀነስላት። በራሷ ሳህን ትብላ፤ ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ከሆነ አትደርስም። ውኃዋ ይፈላ።»

አጎንብሰው በትንሽ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ሽምብራ ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው። «ሽምብራው ሲቆላ እንዳያርር ብቻ።»